ለደንበኞቻችን፦ ስለተቆለፈው በርና ስለ ሰልፉ

ሲያትል፣ ጥቅምት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። እጄ የለመደው ሊጥ እንጂ ወረቀት ስላልሆነ፣ የተጣመመ ነገር ካገኛችሁ አቃንታችሁ አንብቡልኝ።

የተቆጣችሁበትን አውቃለሁ። በመስቀል ሰሞን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ በሰፈራችን ጥግ ያለው የቤት አልባዎች መጠለያ ሊሰፋ ነው ተብሎ የተጠራው ሰልፍ ላይ ወጣሁ። ያዘዛችሁትን እንጀራ ልትወስዱ ከኬንትና ከኤቨረት ድረስ ነድታችሁ መጥታችሁ የተቆለፈ በር አገኛችሁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዋዜማው መደወል ነበረብኝ፣ አልደወልኩም። የቀረውን ግን ጥፋቴ ነው ብዬ ለመቀበል ስለከበደኝ ላስረዳችሁ።

በመጀመሪያ የበሩ ነገር። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ በራችን ተቆልፎ ይውላል፤ ደወል ስትጫኑ እኛ ከውስጥ እንከፍታለን። «ሌባ እመስላለሁ እንዴ?» ብለው ከደጅ የተመለሱ አባት አሉ። እሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዱ ናቸው፣ ልጃቸውን ሲድሩ እንጀራውን የጋገርኩት እኔ ነኝ። ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያደግኩት በሩ ገርበብ ብሎ በሚውል ቤት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ «ቤቶች!» ብሎ ይገባል እንጂ ደውሎ አይጠብቅም። በገዛ ሱቄ በር ላይ መቆለፊያ ሳስገጥም ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

ግን በነሐሴ የሆነውን ስሙኝ። ሂሳብ የምትቀበለዋን ልጅ፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቋትን፣ አንድ ሰው ገፍትሮ መደርደሪያው ላይ ጣላት፤ የብሩን መሳቢያ ነቅሎ ሮጠ። የወሰደው 140 ዶላር ነው። ልጅቷ ክንዷ ተላልጦ፣ የበርበሬው ብልቃጥ በላይዋ ተሰብሮ፣ ዓይኗን እያሸች ስታለቅስ አገኘኋት። 140ው ዶላር ተረስቷል። ልጅቷ ግን እስካሁን ከመሸ ብቻዋን ባንኮኒው ጋ መቆም አትችልም። በሩን የቆለፍኩት ለእሷ ነው። እኔ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እግዜር ያውቃል፣ እንዳለ በተውኩት።

ማዕዘናችን፣ የ12ኛና የጃክሰን መንገዶች መገናኛ፣ እንዴት እንደሰነበተ የምትመጡት ሁሉ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ክረምት፣ የፈረንጆቹን ክረምት ማለቴ ነው፣ ከየሱቁ የተሰረቀ ዕቃ እግረኛ መንገዱ ላይ ተዘርግቶ በጠራራ ፀሐይ ይሸጥ ነበር። ሱስ የሚያስይዘው ክኒንም እዚያው ነበር የሚሸጠው። በማርች ከተማው ፖሊስ አሰማርቶ ጠራረገው፤ የፖሊስ ትልቅ መኪናም ማዕዘኑ ላይ ቆመ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ሜትሮ ማቆሚያውን ለጊዜው ሲዘጋው በ7ና በ14 ቁጥር ትመጡ የነበራችሁት አረጋውያን ፌስታል ተሸክማችሁ ያን ሁሉ መንገድ በእግር ሄዳችኋል። መኪናው ሲነሳ ገበያው ወደ ጓሮ መንገዶች ገባ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ሰልፉ። በቴሌግራም ያዛመታችሁት ፎቶዬ ላይ «የእንጀራ ቤቷ ባለቤት ድሆችን ተቃወመች» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። በእጄ የያዝኩት ወረቀት ላይ በአማርኛ የተጻፈውን ግን ማንም አላነበበውም። «እኛንም ጠይቁን» ነው የሚለው። ሌላ ቃል የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲያትልን የሚያስተዳድረው ካውንቲ ከሰፈራችን ጥግ፣ ሶዶ በሚባለው የከተማው ክፍል የሚገኘውን 270 ሰው የሚያስተናግድ የቤት አልባዎች መጠለያ (ሼልተር) 150 ገደማ ሰው ጨምሮ ሊያሰፋው አቀደ። የቻይናውያኑ ሰፈር ቻይናታውንም ሆነ የቬትናሞቹ ሊትል ሳይጎን ያሉ ሰዎች የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ሽማግሌዎች በሞሉበት ሰፈር፣ በቋንቋቸው መጥቶ «ምን ትላላችሁ?» ያላቸው አልነበረም። ስለዚህ ወጡ። ምርኩዝ የያዙ ቻይናውያን አባቶች፣ የቬትናም እናቶች ፀሐይ መከላከያ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ አስተርጓሚ እየጎተቱ። እኔም አብሬ ወጣሁ።

አንዲት እህት በጽሑፍ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ተሰደሽ ስትመጪ ማን አስጠለለሽ?» ይህ ጥያቄ ነው ደብዳቤውን ያስጻፈኝ። ያስጠለለኝማ ይኸው ሰፈር ነው፣ እህቴ።

በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ቁጠሩልኝ) በ1989 ከሱዳን ስመጣ አንድ ሻንጣና አንድ ሕፃን ነበረኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ እዚሁ ጃክሰን ላይ፣ የቬትናም ሴትዮ ሱቅ ውስጥ ሩዝ መመዘን ነበር። እሷ በጀልባ፣ እኔ በእግር ነው የተሰደድነው፤ ሁለታችንም እንግሊዝኛ አንችልም፣ የምንግባባው በጣትና በሳቅ ነበር። ከሱቋ በታች ያለውን ምድር ቤት ያለ ዲፖዚት አከራየችኝ። ምጣዴን እዚያ ጣድኩ። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ደንበኞቿን ሲያስነጥስ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ዛሬ ልጇ ናት አጠገቤ ሳንድዊች የምትሸጠው። «ቺ» ትለኛለች፣ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። በ2021 አትላንታ ውስጥ 8 ሰዎች ሲገደሉ፣ ስድስቱ የእስያ ሴቶች ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ከመሸ ብቻዋን መሄድ ፈራች። ሱቅ ዘግተን እስከ ማቆሚያው አብሬያት እሄዳለሁ፤ አውቶቡሷ ሲመጣ እመለሳለሁ። ታዲያ ይህቺ ልጅ «ቺ፣ ሰልፍ እንውጣ» ስትለኝ «የለም፣ የመስቀል እንጀራ አለብኝ» ልበላት? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

ይህ ሰፈር ሰልፍ አዲሱ አይደለም። አዛውንቶቹ እንደሚያወሩት፣ አይ ፋይቭ የተባለው አውራ ጎዳና ሰፈሩን መሐሉን ሰንጥቆ አለፈ፤ በ1972 ደግሞ ኪንግዶም የሚባለው ስታዲየም ሊሠራ ሲል የሰፈሩ ወጣቶች ሰልፍ ወጡ። ስታዲየሙ ግን ተሠራ። በ2000 በፈንጂ ሲያፈርሱት አቧራውን አይቻለሁ። ዶኒ ቺንን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ከ1968 ጀምሮ ሬድዮውን ይዞ ሰፈሩን ሲዞር የኖረ፣ ፖሊስና አምቡላንስ ሳይደርሱ የሚደርስ ሰው። በጁላይ 2015 መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ተገደለ። እስከ ዛሬ በግድያው የተከሰሰ ሰው የለም። እኛ ሰፈር «ጠይቁን» ሲባል ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሰልፉ ላይ የተባለው ሁሉ ጥሞኛል አልልም። አንድ ሰውዬ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩትን «ቆሻሻ» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቴ ክንዱን ይዛ አስቆመችው፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ከእነዚያ ድንኳኖች ውስጥ የኛ ልጆች አሉ። በአማርኛ «እማዬ፣ ርቦኛል» ያለኝ አለ። ማታ የተረፈውን እንጀራና ሽሮ ለማን እንደምሰጥ በኋላ በር በኩል የሚያልፍ ያውቀዋል፤ ይህን ለማውራት ፈልጌ አልነበረም፣ እናንተ ናችሁ ያስወራችሁኝ።

ጥቅምት 4 ቀን ካውንቲው ማስፋፊያውን ትቼዋለሁ አለ። «እንኳን ደስ አለሽ» ያላችሁኝ አላችሁ። አመሰግናለሁ፣ ግን ደስታው ሙሉ አይደለም። 150ው ሰው ክረምቱን የት እንደሚያድር አልተነገረኝም፤ ይከነክነኛል።

«ታዲያ ለምን አትለቂም? ኬንት ኪራዩም ርካሽ፣ ፓርኪንጉም ሰፊ ነው» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው፣ ርካሽ ነው። ቬት ዋ እንኳ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሁላችንም ዝንጅብሉንና ቆስጣውን የገዛንበት ትልቁ ሱቅ፣ መስከረም 20 ቀን ከሊትል ሳይጎን ወጣ፤ ሬንተን ከተማ ያለው ቅርንጫፉ ብቻ ነበር የቀረው። እኔም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አስልቻለሁ። የአይዳሆ ጤፍ ጨምሯል። ኤሌክትሪኩ ጨምሯል። የፊት መስታወታችን ከ2020 ወዲህ ሦስት ጊዜ ተሰብሯል፤ ሦስተኛውን ለኢንሹራንስ አላመለከትኩም፣ ክፍያውን ከሚያንሩብኝ ብዬ ከኪሴ ከፈልኩ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የከተማው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 18 ዶላር ከ69 ሳንቲም እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ለሠራተኞቼ አይገባቸውም አልልም፤ እሳት ፊት ቆሞ የሚውል ሰው ከዚያም በላይ ይገባዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንጀራው ላይ አንድ ሳንቲም ያልጨመርኩት ግን ሂሳቡ ጠፍቶኝ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ቦታ መግዛት እንደጀመራችሁ አውቃለሁ። ሬይንየር መንገድ ላይ ጥሩ እንጀራ ይጋገራል፣ ቀምሼዋለሁ። (ትንሽ ይወፍራል እንጂ።) አልቀየማችሁም። ግን 20 ዓመት እጄን የበላ ሰው በአንድ ፎቶ ምክንያት መንገድ ሲሻገርብኝ ማየት ከመስታወቱ በላይ ሰብሮኛል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አሠራራችን ይህን ይመስላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ መክፈታችን ቀርቷል፤ 12 ሰዓት ላይ እንዘጋለን። በሀገራችን አቆጣጠር ነው። ባለፈው «12» ብዬ በሩ ላይ ስለጥፍ አንድ ወጣት እኩለ ሌሊት መስሎት በ4 ሰዓት መጥቶ ነበር፣ ምስኪን። ከሥራ የምትዘገዩ እስከ 10 ሰዓት ደውሉ፤ ስማችሁን ጽፌ እስከ 1 ሰዓት እጠብቃችኋለሁ። ለጾመ ነቢያት በብዛት የምታዝዙ ከኅዳር 10 በፊት ብትነግሩኝ ለእኔም ለእናንተም ይቀላል። ሰልፍ የምወጣ ከሆነ ደግሞ፣ እንደገና ልወጣ እችላለሁና፣ ከሁለት ቀን በፊት በሩ ላይ እለጥፋለሁ፣ ያዘዘውን ሁሉ በስልክ እነግራለሁ።

ለእኒያ አባት፦ ለእርስዎ ደወል አያስፈልግም፣ መስታወቱን በከዘራዎ ይምቱት፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። ለሌሎቻችሁ ደወሉ በስተቀኝ በኩል፣ ከመስቀሉ ሥዕል በታች ነው። ሁለቴ ተጫኑት፤ አንዴ ሲጮህ ከምጣዱ ድምፅ ጋር አይሰማም።

አክባሪያችሁ፣
የጃክሰን መንገድ እንጀራ ቤት ባለቤት