የባዮሎጂ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ፦ ጅማ ሆነን ስለ ባሕር ባክቴሪያ

ዓመቱን ሙሉ በመምህራን ማረፊያ ሲጠየቅ የከረመው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጅማ ተቀምጣችሁ የባሕር ባክቴሪያ ምን ያደርግላችኋል?» መልሱን እዚሁ ልስጥ። ሂርማታ ገበያ ሄዳችሁ ሱቆቹን እዩ፣ የቱናና የሰርዲን ቆርቆሮ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣውን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ደግሞ ሁላችንም እንበላለን። ልጆቹ ያጠኑት የሚበሉትን ነው።

ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ናቸው፤ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ መዋጮ ተሰበሰበ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የጤነኛ ዓሣ ሥጋ ንጹሕ ነው፣ ባክቴሪያው ያለው ቆዳው፣ የሚተነፍስበት ስንጥቡና አንጀቱ ላይ ነው። ዓሣው ሲሞት የሚከላከልለት ስለሌለ ወደ ሥጋው ይዘልቃል። የባሕር ዓሣ የጨዋማውን ውሃ ጫና ለመቋቋም ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ነገር በሰውነቱ ያከማቻል። ሸዋኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው በዚህ ነገር ይተነፍሱና ትራይሜቲላሚን ያደርጉታል፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው የቆየ ዓሣ ሽታ በአብዛኛው ከእሱ ነው። ቅዝቃዜ ስለለመዱ በረዶ ላይ እንኳ ይዘገያሉ እንጂ አያቆሙም። ፎቶባክቴሪየም ከሚባሉት ደግሞ በጨለማ የሚያበሩ አሉ፣ ይህን የነገርኳቸው ቀን 9ኛ ክፍሎችን ማን ይቻላቸው!

ወላጆች ይህቺን ልብ በሉልኝ። ቱናና መሰሎቹ ሙቀት ላይ ከቆዩ ባክቴሪያ ሂስታሚን የሚባል ጎጂ ነገር ይሠራባቸዋል። እሱ ደግሞ በመጥበስም በመቀቀልም አይጠፋም፣ ዓሣው ሳይሸትም ሊኖር ይችላል። ፊት ያቀላል፣ ያሳክካል፣ ራስ ያሳምማል። ከቆርቆሮ የተረፈውን ቱና ውጭ አታሳድሩ።

የጊቤ ዓሣ የባሕር ስላልሆነ አበላሾቹም ይለያሉ፣ በረዶ ላይ በብዛት ሱዶሞናስ፣ ሙቀት ላይ ደግሞ ኤሮሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱን ቆሮሶ በረዶ ላይ፣ ሌላውን ጠረጴዛ ላይ አሳደርን። በማግስቱ የጠረጴዛው ቤተ ሙከራውን አገማው፣ የበረዶው ስንጥብ ግን ገና ቀይ ነበር።

ጊቤ የሄድንበትን ቀን ግን መቼም አልረሳውም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ አለችን፣ ክፍል ውስጥ እጇን አንሥታ አታውቅም፣ እናቷ ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። ዓሣ አጥማጆቹ የያዙትን በማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ ላይ አድርገውታል። ቁጢጥ አለችና የአንዱን ስንጥብ በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ አሸተተች። ሌላውንም እንደዚያው። ከዚያ በኦሮምኛ ሽማግሌውን «አባቴ፣ ይሄኛው የዛሬ ነው፣ ያኛው ግን አድሯል፣ ስንጥቡ ቡናማ ሆኗል» አለቻቸው። አገላብጠው አዩትና «እውነትሽን ነው ልጄ፣ የትናንት ማታ ነው» አሉ። በዚያ አላበቃችም፣ ሆድ ዕቃው ቶሎ ካልወጣና ጥላ ካላገኘ ለምን እንደሚበላሽ ከእናቷ ያየችውን ክበብ ውስጥ ከተማረችው ጋር አገናኝታ አስረዳቻቸው፤ ሰውየውም ከረጢቱን እየጎተቱ ዛፍ ሥር ወሰዱት። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ እንባዬ መጥቶ ነበር። አሁን ለአዲስ አባላት ማብራሪያ የምትሰጠው እሷ ናት።

ያልተሳካም አለ። በሾርባ ያበቀልነው የባክቴሪያ ናሙና ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ስለሆነ ገሚሱ ልጅ ተራ ሲጠብቅ ይደወላል። ለኳስ ማልያ በየዓመቱ ገንዘብ ይገኛል፣ ይገኝ፣ ደስ ይለናል። የቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣ ሲነሣ ግን በጀት የለም ይባላል። የጊቤው ጉዞ እንኳ የተሳካው በወላጆች መዋጮ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ያገለገለም ቢሆን የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ተጨማሪ ማይክሮስኮፕና የጉዞ ነዳጅ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ልጆቹን ድጋሚ ኑ ብለዋቸዋል፣ በረዶ ይዘን ሄደን ዓሣውን ከጀልባ እስከ ጅማ ገበያ ልንከታተለው አስበናል። መርዳት የሚፈልግ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራ ብቅ ይበል፣ ልጆቹ የሠሩትን ራሳቸው ያሳዩታል።