ካምበር ሲበዛ ጎማ ይበላል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ናችሁ? የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው፣ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽዬ ጌም ቤት አለችኝ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁ አያመልጠኝም፣ ደንበኞቼም ተራ እስኪደርሳቸው ያነቡታል። ባለፈው ስለ መኪና እሽቅድድም ጌም ባወጣችሁት ጽሑፍ ግን ቅር ብሎኛል። የፊት ጎማውን ካምበር (ጎማው ወደ ጎን የሚያጋድልበትን መጠን) እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አጋድሉት፣ ኩርባ ላይ መኪናው ንቅንቅ አይልም ብላችኋል። ልጆቹ አነበቡ፣ አመኑ፣ ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ።

«ፎርዛ ሆራይዘን 5» የሚባለው የመኪና ጌም ላይ ካምበር ከኔጌቲቭ 5 እስከ ፖዘቲቭ 5 ዲግሪ ይሄዳል። አንዱ ልጅ ኔጌቲቭ 5 ላይ አድርጎ ለቀቀው። መጀመሪያ ደህና ነበር። ፍሬን ሲይዝ ግን መኪናው አልቆም ብሎ አጥር ጥሶ ሜዳ ገባ። ደገመው፣ ያው ነው። በሦስተኛው ጆይስቲኩን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ጌሙ ተበላሽቷል፣ ብሬን» አለኝ። መለስኩለት፣ ምን ላድርግ።

ካምበር ማለት መኪናውን ከፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ጎማው ያጋደለበት መጠን ነው። አናቱ ወደ መኪናው ከገባ ኔጌቲቭ ይባላል። መኪና ሲታጠፍ ቦዲው ወደ ውጭ ያጋድላል፣ በውጭ በኩል ያለውን ጎማም አብሮ ይዞት ያጋድላል፣ ስለዚህ ቀድመን ትንሽ ወደ ውስጥ ካስገባነው ልክ ኩርባው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ በሙሉ ገጹ አስፋልቱን ይረግጣል። ጥቅሙ ይኼው ነው። ከልክ ካለፈ ግን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሬት የሚነካው የውስጥ ጠርዙ ብቻ ነው። ኃይለኛ ፍሬን የሚያዘው ደግሞ ኩርባው ውስጥ ሳይገባ፣ ገና ቀጥ ተብሎ እየተነዳ ነው። በጠርዝ ብቻ እንዴት ይቆማል?

ታላቅ ወንድሜ ጎሚስታ ነው፣ ሱቁ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ነገሩን ስነግረው ሳቀና አንድ የተጣለ ጎማ እያንከባለለ አመጣልኝ። በጣት ሲዳብሱት ውጩ ገና ጥርስ አለው፣ ውስጡ ግን ተልጦ ሽቦው ብቅ ብሏል። ልጆቹ አንድ በአንድ ነኩት። (ወንድሜ እንደሚለው እንዲህ የሚበላው ሁሌ በካምበር አይደለም፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ሳያዩ ሲቀሩም ያው ነው፣ ይኼ ግን ሌላ ወሬ ነው።)

እኔ አሁን ለልጆቹ ፊቱን ኔጌቲቭ 1 ተኩል፣ ኋላውን ከዚያ ትንሽ አሳንሰው እንዲጀምሩ ነው የምላቸው። ሁለት ሦስት ዙር ከነዱ በኋላ ቴሌሜትሪውን፣ ማለትም ጌሙ የመኪናውን ልኬቶች የሚያሳይበትን ገጽ፣ ይከፍታሉ። እዚያ ላይ የእያንዳንዱ ጎማ ሙቀት በውስጥ፣ በመሃልና በውጭ ተለይቶ ይታያል። ውስጡ በትንሹ ቢበልጥ ጤና ነው። በጣም ከበለጠ ካምበሩን መቀነስ ነው። መሃሉ ብቻ ከጋለ ንፋስ በዝቷል፣ ሁለቱ ጠርዞች ከመሃሉ ከበለጡ ደግሞ አንሷል።

ስለ ንፋስ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋችሁም ገርሞኛል። ጎማ ሲግል ንፋሱ ይጨምራል። ለምሳሌ «አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ» በሚባለው ሌላ የእሽቅድድም ጌም ላይ ጂቲ3 የሚባለው የውድድር መኪና በደረቅ መንገድ ጥሩ የሚይዘው ጎማው ግሎ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን ነው። ገና ጋራዥ ውስጥ 27 ከሞላችሁት ሁለት ዙር ሳትነዱ ያልፋል። ስለዚህ ሲቀዘቅዝ አሳንሶ መሙላት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጌሙንና መንገዱን እንዳታምታቱ። ወንድሜ ጋ ጠዋት አዲስ አበባ በብርድ ንፋስ ሞልተው በፈጣን መንገዱ የመጡ ሚኒባሶች ይቆማሉ። ለክተውት ከፍ ብሎ ሲያገኙት «አስተንፍስልኝ» ይሉታል። እሱ በጄ አይልም። የተሽከርካሪው ልክ የተጻፈው ለቀዘቀዘ ጎማ ነው፣ በሙቀት ላይ ካስተነፈሱት ማታ ሲበርድ ያንሳል። ሾፌሮቹ ይቆጣሉ፣ እሱም ይቆጣል፣ በመጨረሻ ሻይ ይጠጣሉ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ ማረሚያ አውጡ። በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ይሁን፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አትቅበሩት። የልጁን ብር አልጠይቃችሁም። እሱ በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ በኔጌቲቭ 1 ተኩል ሲነዳ ነው ያመሸው፣ መብራት እስኪጠፋ። የድሮው ጽሑፋችሁ ግድግዳዬ ላይ እንደተለጠፈ ነው፣ ልጆቹ «እስከ መጨረሻው» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውታል። ማረሚያው ሲወጣ ጎኑ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከአዳማ