ለፊት ስፕሊተር ከካርቦኑ በፊት ኮምፔርሳቶውን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ፈጣን መኪና የሚወዱ ወጣቶቻችን ሙስታንግ፣ ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ወይም ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ሲይዙ መጀመሪያ ከሚያስገጥሟቸው ነገሮች አንዱ የፊት ስፕሊተር ነው። አንዳንዶቹ መኪናቸውን ወደ ሰሚት ፖይንት ወይም ወደ ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ የውድድር ትራክ ወስደው ይነዱበታል። ዱባይና አቡ ዳቢ ያሉት ደግሞ ዱባይ አውቶድሮምና ያስ ማሪና አላቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ግን አንድ ነው፤ «ካርቦን ነው?» እኛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት ሚሊ ነው? የታሰረውስ ከምን ጋር ነው?» የሚለው ነው እንላለን። ይህን የምንጽፈው ገንዘብ ስለሚባክን ብቻ አይደለም። በ160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተገንጥሎ ከጎማ ሥር የሚገባ ሰሌዳ ሰው ይገድላል።

ስፕሊተር ከፓራውልቱ ግርጌ ወደ ፊት የሚወጣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ፓራውልቱን የመታው አየር ላዩ ላይ ተከማችቶ ይጫነዋል፤ ከሥሩ የሚያልፈው ደግሞ በጠባቡ ክፍተት ስለሚፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። የፊት ጎማዎችን አስፋልቱ ላይ የሚጫናቸው ይህ የላይና የታች ልዩነት ነው። ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በባሕር ጠለል አካባቢ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና ፊት ለፊት የሚገጥመው የአየር ግፊት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ160 ኪሎ ሜትር 120 ኪሎ፣ በ200 ኪሎ ሜትር ደግሞ 190 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ በ160 የሚገኘው 90 ኪሎ ግድም ነው። በከተማ ፍጥነት ሰሌዳው የሚሠራው ሥራ ይህ ነው የሚባል አይደለም፤ በከፍተኛ ፍጥነት ግን የሚሸከመው ከአንድ ጎልማሳ ክብደት ጋር የሚወዳደር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሰሌዳው ከጎበጠ ጫፉ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ሲቀርብ ከሥሩ ያለው ግፊት ይበልጥ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ መልሶ ይበልጥ ይስበዋል። ስለዚህ ልል ሰሌዳ ትንሽ ጎበጥ ብሎ አይቆምም። ይርገበገባል፣ አስፋልት ይልሳል፣ በመጨረሻም ይሰበራል ወይም ማሰሪያውን ይነቅላል። ማቴሪያል ስንመርጥ ከሁሉ አስቀድመን የምንፈልገው አለመጎበጥን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

አለመጎበጥ የሚመጣው ከማቴሪያሉ ስም ይልቅ ከውፍረቱ ነው። ውፍረት እጥፍ ሲሆን መጎበጥን የመቋቋም አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስሌቱን በአንድ ካሬ ሜትር እንየው። 3 ሚሊ የአሉሚኒየም ላሜራ 8.1 ኪሎ ይመዝናል። 12 ሚሊ የበርች ኮምፔርሳቶም 8.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ክብደታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። መጎበጥን በመቋቋም ግን ኮምፔርሳቶው አሉሚኒየሙን ሰባት ስምንት እጥፍ ይበልጠዋል። 3 ሚሊ ድፍን ካርቦን ፋይበር 4.7 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይሁንና መጎበጥን በመቋቋም ከአሉሚኒየሙ ላሜራም ያንሳል። 6 ሚሊ ኤ ቢ ኤስ ፕላስቲክ 6.3 ኪሎ መዝኖ የአሉሚኒየሙን ሩብ ያህል ብቻ ይቋቋማል። ካርቦን ኃይሉ የሚወጣው ሁለት ስስ ገበታዎች ቀላል የሆነ የማር እንጀራ ወይም የፎም እምብርት ግራና ቀኝ ሲይዙት ነው። ያለ እምብርት የተሠራ ስስ ካርቦን የሚከፈልበት ለመልኩ ነው።

እንጨት ለመኪና ውርደት የሚመስለው ካለ ፎርሙላ ዋንን ይመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በመኪናዎቹ ሆድ ሥር የሚታሰረው 10 ሚሊ ውፍረት ያለው ጣውላ ለረጅም ዘመን የተሠራው ከተነባበረ እንጨትና ሙጫ ነው። በዚያው ዓመት ሚካኤል ሹማከር በቤልጂየም፣ በ2023 ደግሞ ሉዊስ ሃሚልተንና ሻርል ለክሌር በኦስቲን ውጤታቸው የተሰረዘው ጣውላው ከተፈቀደው በላይ ተፍቆ ስለተገኘ ነው። እንጨት አስፋልት ሲነካ ቀስ እያለ ይፋቃል እንጂ አይበታተንም። ለስፕሊተርም የሚፈለገው ይኸው ጠባይ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ትራክ ላይ ለሚነዳ ሰው ምክራችን 12 ሚሊ የበርች ኮምፔርሳቶ ነው። ስትገዙ ጠርዙን ቁጠሩ፤ ጥሩው 9 ንብብር አለው፣ በንብብሮቹ መካከልም ቀዳዳ አይታይም። ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ኮምፔርሳቶ በተመሳሳይ ውፍረት 4 ወይም 5 ንብብር ብቻ ሆኖ ውስጡ ክፍተት ስላለው፣ ቡሎን ክፍተቱ ላይ ካረፈ ይሰምጣል። «ባልቲክ በርች» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 5 በ5 ጫማ፣ ማለትም 152 ሴንቲ ካሬ ሆኖ ይሸጣል፤ 180 ሴንቲ ስፋት ላለው አፍንጫ አይበቃም። 4 በ8 ጫማ የሆነውን ጠይቁ። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ግን አይሞከሩም፤ አንድ ዝናብ ሲያገኛቸው እንደ ዳቦ ያብጣሉ።

ኮምፔርሳቶን የሚገድለው ውኃ ነው፤ የሚገባውም በጠርዙና በቡሎን ቀዳዳው በኩል ነው። ከቆረጣችሁ በኋላ በ120 ከዚያም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ቀጭን ኢፖክሲ መጀመሪያ ጠርዙን ቀቡት፤ የተቆረጠው የእንጨት ጫፍ ስለሚጠጣው መጠጣቱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ሦስት ጊዜ ቀቡ። ለ6 ሚሊ ቡሎን መጀመሪያ በትራፓኖ 10 ሚሊ ብሱ፤ ቀዳዳውን በወፈረ ኢፖክሲ ሙሉት፤ ሲደርቅ መሐሉን በ6 ሚሊ እንደገና ብሱት። እንዲህ ሲሆን ቡሎኑ የሚነካው ኢፖክሲውን ብቻ ነው፣ እንጨቱ ጋ ውኃ አይደርስም። ኢፖክሲ ፀሐይ ስለሚያበላሸው በላዩ ቀለም ያስፈልገዋል። ውፍረቱ የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ። የፊት ጠርዙን ከታች በኩል በ10 ሚሊ ያህል ስታዞሩት አየሩ ሳይላቀቅ ከሥር ይታጠፋል። 3 ሚሊ ላሜራ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ስለታም ጠርዝ ደግሞ በሥሩ ያለውን አየር ያላቅቀዋል።

አሉሚኒየም ላሜራ በእጅ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ሙቀትም አይፈራም። ችግሩ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አንዴ ከገጨ እንደታጠፈ መቅረቱ ነው፤ ወደ ታች የታጠፈ አፍንጫ ደግሞ በሚቀጥለው ጉብታ መሬት ይቆፍራል። በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ፕላስቲክ የያዘው፣ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ልባስ የምናውቀው አሉኮቦንድ ርካሽና ለስላሳ ነው። 4 ሚሊው ሲገዛ የቆዳው ውፍረት ይጠየቅ። ቆዳው 0.5 ሚሊ የሆነው ከ3 ሚሊ ላሜራ ጥቂት ይበልጣል፤ 0.21 ሚሊ ቆዳ ያለው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው፣ ከሩቅ ሲታዩም አይለዩም። ጠርዙ ክፍት ከቀረ ጠጠር እየመታው ቆዳው ይላቀቃል።

መኪናውን ከተራ መንገድ በቀር የትም ለማይነዳ ሰው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ብቻ የሚወጣ የሚለጠጥ የፖሊዩሬታን ከንፈር ይበቃዋል። ጠርዝ ሲነካ ተጣጥፎ ይመለሳል። ኤ ቢ ኤስም ለዚህ ይሆናል፤ ግን ሙቀት ያስረዝመዋል። 180 ሴንቲ የሆነ የኤ ቢ ኤስ ቁራጭ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊ ያህል ይረዝማል። በክብ ቀዳዳዎች ጥብቅ አድርጋችሁ ካሰራችሁት መሄጃ ሲያጣ በቡሎኖቹ መካከል እንደ ማዕበል ይቆለመማል። ጠዋት ቀጥ ብሎ የታየው ከንፈር እኩለ ቀን ላይ ሞገድ የሚሠራው ለዚህ ነው። መሐል ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ክብ ይሁን፣ ወደ ጫፍ ያሉት ሞላላ ይሁኑ።

ካርቦንን አንጠላም። በእምብርት የተሠራና ቡሎን የሚያርፍበት ቦታ ድፍን የሆነ ካርቦን ከኮምፔርሳቶ በግማሽ ክብደት ሥራውን ይሠራል፤ ቡሎኑ እምብርቱ ላይ ካረፈ ግን ይጨፈልቀዋል። በየቦታው «ካርቦን» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ግን ፋይበር ግላስ ሆኖ በላዩ አንድ ንብብር ካርቦን የተለጠፈበት ነው፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ። ገልብጣችሁ እዩት። ከሥሩ የተበታተነ ነጭ ወይም በጥቁር ቀለም የተሸፈነ የመስታወት ጭረት ካለ፣ የምትከፍሉት የፋይበር ግላስ ዋጋ ይሁን። ባሕረ ሰላጤ አገር ያላችሁ ደግሞ በምን ሙቀት እንደደረቀ ጠይቁ። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል፣ ጥቁር ሰሌዳ በዱባይ በጋ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከዚያ ያልፋል። እዚህ ጨው በሚበተንበት ክረምት ካርቦንና አሉሚኒየም በቀጥታ ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ መካከላቸው አንድ ንብብር ፋይበር ግላስ ይግባ፣ ቡሎኑም ዝገት የማይዘው ይሁን። ካርቦን ስትቆርጡ በውኃ እያራሳችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በጥሩ ማስክ ሸፍናችሁ ይሁን። የተሰበረ ካርቦን ጎማ ይቀዳል፣ እግረኛም ይቆርጣል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ምርጡ ሰሌዳ በፕላስቲኩ ፓራውልት ላይ በትናንሽ ቪቶች ከተሰቀለ ከንቱ ነው። ፓራውልት በቅንጥብ የተያዘ ሽፋን ነው፤ ሸክም እንዲይዝ አልተሠራም። ሰሌዳው ከሻንሲው ጋር ወይም ከፓራውልቱ ጀርባ ካለው የግጭት ብረት ጋር ይታሰር። ከኋላ በኩል 4 የአንጎላሬ ማሰሪያ፣ ከፊት በኩል ደግሞ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ እየተራራቁ የሚቆሙ፣ ርዝመታቸው የሚስተካከል የብረት ዘንጎች ይኑሩ። ዘንጎቹም ከሻንሲው ይምጡ። በእያንዳንዱ ቡሎን ከሥር 30 ሚሊ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከላይ ናይለን ያለው ዳዶ ይግባ። አየር ሰሌዳውን ወደ ታች ስለሚስብ ዘንግ ሥራው መጎተት ነው። መሬት ከሥር ሲመታው ወደ ላይ እንዲሸሽ የሚፈቅድ ተንሸራታች ዘንግ ከተገኘ ይመረጣል፤ ግትሩ ዘንግ ምቱን ወደ ራዲያተር ማቀፊያው ያስተላልፋል።

በፓራውልቱና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት በጎማ ጥብጣብ ይዘጋ። አየር በዚያ ካመለጠ የላይኛው ግፊት ወደ ታች ይፈስሳል፣ ጥቅሙም ይጠፋል። መኪናው ቆሞ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ከፍታ ይኑረው፤ ፍሬን ሲረገጥ አፍንጫው ይደፋልና። ከሥሩ ግራና ቀኝ ጠርዝ አጠገብ 6 ሚሊ ጠንካራ የፖሊኤትሊን ፕላስቲክ ቁራጭ ብታስሩ ቀድሞ የሚፋቀው እሱ ይሆናል። ከኋላ ክንፍ የሌለው መኪና ላይ ከ5 ሴንቲ በላይ አታውጡት። ፊቱ ብቻ ሲጫን በፈጣን ኩርባ ኋላው ይቀልላል፣ መኪናው ይዞራል።

ከመንዳታችሁ በፊት አንድ 80 ፓውንድ የኮንክሪት ከረጢት፣ 36 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ከፊት ጠርዙ መሐል፣ ከዚያ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ አስቀምጡ። ከ5 ሚሊ በላይ ከወረደ ዘንግ ጨምሩ ወይም ሰሌዳውን ለውጡ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቁሙና ዳዶዎቹን በቁልፍ ፈትሹ፤ እንጨት ሮንዴላው ሥር ትንሽ ስለሚጨመቅ በዚያ ቀን ይላላሉ። 60 ሴንቲ ወርድ ከበቃችሁ ከአንድ 4 በ8 ጫማ ሉህ ሁለት ስፕሊተር ይወጣል፤ ሁለቱን ደራርባችሁ ቁረጡ፣ ቀዳዳዎቹንም አብራችሁ ብሱ። የመጀመሪያው በተሰበረ ዕለት ሁለተኛው ባሉት ቀዳዳዎች ይገጥማል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ቦዲ ሥራ ባለሙያዎች
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ