ማን ነካው? የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ለክበባችን የተመዘገቡት ተማሪዎች 31 ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለምን እንደመጡ ፊታቸው ይናገር ነበር፤ የዋይፋይ ፓስወርድ ፈልገው ነው። ክበቡ ፓስወርድ እንደማያድል ሲያውቁ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ሄዱና ኅዳር ሲገባ የቀሩት 14 ብቻ ሆኑ። እኔ አልከፋኝም። አንዲት ስዊች (የኮምፒዩተሮቹ ኬብሎች የሚሰኩባትና እርስ በርስ የምታገናኛቸው ሣጥን) ከብበው 31 ሰዎች ቢቆሙ ከፊት ካሉት በቀር የሚያይ የለም።

ባለፉት ዓመታት ክበባችን ዎርድና ፓወርፖይንት ሲያለማምድ ነው የከረመው። ዘንድሮ ግን የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራውን ኔትወርክ ራሳችን እናስተዳድር ብለን ተነሳን። «የኔትወርክ አስተዳዳሪ ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ «ኔት ሲቋረጥ ማስተካከል» አሉኝ። ግማሹን አግኝተውታል።

ሥራ የጀመርነው በደብተር ነው። አንድ ትልቅ መዝገብ ገዝተን አምስት ዓምድ አሰመርንበት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ተነካ፣ ለምን፣ ማን ነካው። ሕጉ አንድ ነው፤ አንድም ኬብል ቢሆን የነካ ሰው ሳይጽፍ ከክፍሉ አይወጣም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ከስዊቹ የትኛው ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ፣ አይፒ አድራሻው (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ስንት እንደሆነ መዘገብን፤ በኬብሎቹም ጫፍና ጫፍ ላይ በፕላስተር ቁጥር ለጠፍን። ጠረጴዛ ሥር እየተሳቡ ኬብል መከተል አንድ ወር ፈጀብን። ከወዲያ ስዊቹ ላይ ተሰክተው ከወዲህ ማንም የማይጠቀምባቸው ሦስት ኬብሎች አገኘን። አንዱ ኮምፒዩተር ለምን በየጊዜው ከኔትወርክ እንደሚወጣም የገባን ያኔ ነው፤ ለፕሪንተሩ በእጅ የተሰጠውን 192.168.1.20 የሚል አድራሻ ራውተሩ (ኔትወርኩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውና አድራሻ የሚያድለው መሣሪያ) ለዚያ ኮምፒዩተርም ያድለው ኖሯል። ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸው ፖስተኛው ግራ እንደሚጋባው ማለት ነው።

ኬብል መሥራቱን ተማሪዎቹ ከሁሉም በላይ ወደዱት። በአንድ ኬብል ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በአራት ጥንድ ተገምደው ይገኛሉ፤ የተገመዱበት ምክንያት ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ ጥንዶቹ ላይ እኩል አርፎ እንዲጣፋ ነው። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ይህን እንደ ፊደል ገበታ በቃላቸው ይዘው በእረፍት ሰዓት ሲሉት እሰማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከታሰሩት 20 ጫፎች የሠሩት 7 ብቻ ነበሩ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ከእኔ የተሻለ የሚያስሩ ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መስመር ለመዘርጋት በሜትር ስንለካ 112 ሆነብን። እንዲህ ያለ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ አይታመንምና መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ስዊች አስገባን።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ በጥር እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ «ቲቸር፣ እኛ አስተዳዳሪ ከሆንን የሪከርድ ክፍሉን ኮምፒዩተር ማየት እንችላለን ማለት ነው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። የሪከርድ ክፍሉ ኮምፒዩተር፣ ውጤት የሚገባበት ማለት ነው፣ ከቤተ ሙከራው ጋር በአንድ ስዊች ላይ ነበር። ልጅቱ የጠየቀችው ሥራው ውስጥ ያለውን ትልቁን ነገር ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው በሩን ሁሉ መክፈት ይችላል፤ ይችላል ማለት ግን ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁን፣ ቁጥር 958/2008ን፣ አምጥቼ ያለፈቃድ ስለመድረስ የሚለውን አብረን አነበብን። በዚያው ሳምንት ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደን ሪከርድ ክፍሉን ከእኛ መስመር ነቅለን ለብቻው ራውተር ላይ አደረግነው፤ የዚያን ፓስወርድ እኔም አላውቀውም። ተማሪዬ በጠየቀችው ጥያቄ ራሷ ላይ በር ዘጋች እያሉ ጓደኞቿ እስከ ፋሲካ ሲያሾፉባት ነበር።

ስለ ባክአፕ፣ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ማለቴ ነው፣ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። መምህራን የሚያዘጋጁትን ጥያቄ በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ውጫዊ ዲስክ እንቀዳለን ብለን ለሁለት ወር ተመካን። በየካቲት አንድ መምህር የጠፋበትን ፋይል ሲጠይቀን ዲስኩን ከፈትን፤ የተቀዳው የፎልደሩ ሾርትከት፣ ወደ ፎልደሩ የሚጠቁመው ምልክት፣ ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ የሉም። ለስምንት ሳምንት ያስቀመጥነው የበሩን ሥዕል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ፋይል ከዲስኩ አውጥተን ከፍተን እናያለን።

አሁን ወደ ግንቦት 15 ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኦንላይን መሰጠት በመጀመሩ፣ ተማሪዎቻችን እንዲለማመዱ በቤተ ሙከራው ሰርቨር (ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ፈተናውን የሚያገኙበት ዋና ኮምፒዩተር) ላይ የሙከራ ፈተና አዘጋጅተን ነበር። ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተፈታኞች ውጭ ተሰልፈዋል፤ ውስጥ አንድም ኮምፒዩተር ሰርቨሩን አያገኝም። ፒንግ ብንል፣ «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ብንልክ ማለት ነው፣ መልስ የለም። የስዊቹ መብራቶች ግን ሁሉም በአንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ።

የክበቡ ልጆች አልተደናገጡም፤ ከእኔ ይልቅ ማለቴ ነው። አንዱ ኬብሎቹን በየተራ ሲነቅል ሌላዋ ፒንግ እያደረገች ውጤቱን ጮክ ብላ ትናገራለች። 17ኛው ቀዳዳ ላይ ያለው ሲነቀል ሁሉም ነገር ሕይወት ዘራ። ኬብሉን ሲከተሉት ሌላው ጫፍም እዚያው ስዊች ላይ፣ 22ኛው ላይ ተሰክቷል። ለሁሉም ይድረስ ተብሎ የተላከ መልእክት በአንዱ ጫፍ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል፣ ስዊቹ እንደ አዲስ ለሁሉም ያባዛዋል፣ እንደገና ይመለሳል፤ መቆሚያ የለውም። ውድ የሆኑት ስዊቾች ይህን ዙር አይተው ራሳቸው ይዘጉታል፤ የእኛ አይችልም። ፈተናው 40 ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ማን ነካው? መዝገቡ ሲገለጥ ከማክሰኞ ወዲህ የተጻፈ የለም። ልጆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ አስታወስኩ። ሐሙስ ማታ ክፍሉን ለነገ ላሰናዳ ብዬ ስጠርግ ወለል ላይ የተንጠለጠለ የኬብል ጫፍ አየሁ፤ የተነቀለ መስሎኝ ክፍት ያገኘሁት ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ከእነዚያ ከሦስቱ ባለቤት አልባ ኬብሎች አንዱ ነው። ለመጻፍ ደግሞ ቸኩዬ ነበር።

ነገርኳቸው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መስከረም 24 ቀን 2014ን አነሳ፤ በክበቡ ያነበብነው ነው። ያን ቀን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ወደ 6 ሰዓት ያህል ጠፍተው የዋሉት በጥገና ላይ በተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ነው፤ ባለሙያዎቹም ከርቀት መግባት ስላቃታቸው በአካል ወደ ማሽኖቹ መሄድ ነበረባቸው። «እነሱም እኮ ተሳስተዋል ቲቸር» አለ። ያቺ የጥር ጠያቂዬ ግን «እነሱ ምን እንደነኩ ያውቁ ነበር» ብላ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋችው።

ለመጪው ዓመት ዙር የሚዘጋ ስዊች እንዲገዛልን ለወላጅ መምህር ኅብረት ጥያቄ አቅርበናል። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ተቀምጧል። መዝገቡን በሰኔ የተረከቡት ሁለት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ገጽ 41 ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ግንቦት 14፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ኬብል ከ17 ወደ 22፣ ምክንያት፦ ለማስተካከል» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ በቀይ እስክርቢቶ «ዘግይቶ የተመዘገበ» ብለው ጨምረውበታል።