መጀመሪያ ጎማውን እይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የኮምፒውተር ጌም ልጆቻችንን ተኩስ ብቻ ነው የሚያስተምራቸው የሚል ወሬ በየሻይ ቤቱም በየጋዜጣውም ሲደጋገም እሰማለሁና እኔም አንድ ልበል። የታክሲ ሹፌር ነኝ፣ በሥራው ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት መኪናዬን አንድ ጊዜ ዞሬ ጎማዎቹን አያለሁ። ይህን ማንም አሰልጣኝ አላስተማረኝም። የተማርኩት ከጌም ነው።

ጌሙ "ፖሊስ ኩዌስት" ይባላል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የአጎቴ ልጅ ቤት፣ አራት ሆነን አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደራርበን ነበር የምንጫወተው። የሠራው ሴራ ኦን ላይን የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ መተየብ ግድ ነበር፤ ደግነቱ እኛ እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1992 እንደገና የተሠራውና በማውስ ብቻ የሚኬደው ነው። የዓይን ምልክቱን መርጠህ ክሊክ ስታደርግ ታያለህ፣ እጁን ስትመርጥ ትነካለህ፣ አለቀ። ለኛ እንግሊዝኛ ይሄ ትልቅ ውለታ ነው።

ሊተን በምትባል የፈጠራ ከተማ ውስጥ ሰኒ ቦንድስ የሚባል ፖሊስ ትሆናለህ። ከመንገድ ጥበቃ ተነስቶ "የሞት መልአክ" የሚል ቅጽል ስም ያለውን የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ እስከማሳደድ ይደርሳል። ታሪኩ ይሄው ነው፣ ብዙም የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው አሟሟቱ ነው! መኪናዋን ዞረህ ሳታያት ከተነሳህ ጎማው ይተነፍስና ጨዋታው ያበቃል። ወንጀለኛውን በካቴና ሳታስር ልፈትሽህ ካልክ አለቀልህ። ሽጉጥህን ሎከር ውስጥ ሳትቆልፍ እስረኛ ይዘህ ወህኒ ቤት ከገባህ በገዛ ሽጉጥህ ትሞታለህ። ከጌሙ ጋር የፖሊስ ደንብ መጽሐፍ አብሮ ይመጣ ነበር አሉ፤ የኛው ኮፒ ስለነበር መጽሐፍ የሚባል አላየንም፣ ደንቡን የተማርነው እየሞትን ነው። በኋላ ሳነብ ጌሙን የነደፈው ጂም ዎልስ ራሱ የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ የነበረ ሰው መሆኑን አወቅኩ። ያኔ ነው የገባኝ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፖሊስነት ባብዛኛው ደንብና ወረቀት እንደሆነ ነው የሚያሳይህ፣ ተኩሱ ከስንት አንዴ ነው።

ቅር ያለኝንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1993 የጌሙ አራተኛ ክፍል ሲወጣ በዎልስ ቦታ የገባው ዳሪል ጌትስ ነው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1992 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ የነበረው። ሮድኒ ኪንግ የሚባለውን ጥቁር አሜሪካዊ መንገድ ላይ ሲቀጠቅጡ በቪዲዮ የተያዙት ፖሊሶች በሱ ሥር ነበሩ፤ ፍርድ ቤት በነጻ ሲያሰናብታቸው ከተማዋ ነደደች። ደንብ ካላከበርክ ትሞታለህ እያለ ያሳደገን ጌም ሄዶ ሄዶ ለዚህ ሰው! ኩባንያው ስሙ ገበያ ይስባል ብሎ ይሆናል፣ እኔ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም። ከዚያ ወዲያ ጌሙ ወደ ልዩ ኃይል ዘመቻ ዞሮ ቀረ።

እና ስለ ጌም ስትጽፉ በጅምላ አትፈርጁ ነው የምለው። ባለፈው ሰሞን ለልጄ ከፈትኩለት። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። "አባዬ፣ መቼ ነው የሚተኮሰው?" አለኝ፣ ጎማ ተነፈሰበት። ተናደደ፣ ትቶት ሄደ፣ ማታ ተመልሶ መጣ። ትናንት እስረኛውን በካቴና አስሮ፣ ፈትሾ፣ በኩራት ወህኒ ቤት ድረስ ወሰደው። ሽጉጡን ግን አልቆለፈም። ሴቭም አላደረገም ነበር።

አንባቢያችሁ፣ ከሳሪስ