ሴንት ስቲቨን አልሞተችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፋብሪካ ስለተዘጋባቸው ትናንሽ የካናዳ ከተሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። «ሞተዋል» መባሉ ግን አልተዋጠልኝም።

ኒው ብረንስዊክ ያለችውን ሴንት ስቲቨንን እዩ። ድልድዩን ከተሻገሩ አሜሪካ ነው፣ ሜይን። የጥጥ ፋብሪካዋ በ1950ዎቹ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሲዘጋ የብዙ ሰው እንጀራ ተቋርጧል። ይኼ አይካድም። በ1881 የተሠራውን የወንዙን ግድብም በ2023 ማፍረስ ጀመሩ፤ ዓሦቹ ሽቅብ እንዲወጡ ተብሎ።

የጋኖንግ ከረሜላና ቸኮሌት ኩባንያ ግን ከ1873 ጀምሮ አለ። «የዶሮ አጥንት» የሚሉትን ከረሜላ ቅመሱት። ቀጭን ነው፣ ሮዝ። መጀመሪያ ቀረፋው ምላስ ለብለብ ያደርጋል። ሲነክሱት ከውስጡ ቸኮሌት ይወጣል። ገና ሲደርስ ከቤቴ አይጠፋም። የጋኖንግ የድሮው ፋብሪካ ሕንፃ ደግሞ ዛሬ የቸኮሌት ሙዚየም ሆኗል። ሙዚየም የፋብሪካ ደሞዝ እንደማይተካ አውቃለሁ።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ዛሬም በማለዳ ተነስቶ ቸኮሌት ስለሚያሽገው ሠራተኛም ጻፉልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከኒው ብረንስዊክ