«ሁሉ» ካላችኋቸው ውስጥ እናቴ የለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አረጋውያን ወላጆችና ስለ ጤና ኢንሹራንስ ያወጣችሁትን ዘገባ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሦስተኛውን ጊዜ ለእናቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። አራተኛውን ንዴቴ በረድ ካለ በኋላ፣ ያለፈኝ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ። ያለፈኝ ነገር የለም።

ጠቤ ከአንዲት ቃል ጋር ነው። «ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ ሁሉ ሜዲኬር ያገኛሉ» ብላችኋል፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ ማለት ነው። ሁሉ። ሁለት ፊደል ናት። እነዚህ ሁለት ፊደሎች እሁድ ዕለት ቤቴ ገብተው ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ።

ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ለሻይ ተቀምጠው ሳለ አንዲት እናት ስልኳን አውጥታ ዘገባችሁን አነበበችላቸው። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ «ልጅሽ ምን ነክቷት ነው እስካሁን ያላስመዘገበችሽ? ሜዲኬር አለሽ እኮ! ይኸው ተጽፏል» አለቻት። እማዬ ቤት ስትገባ ነጠላዋን እያጣጠፈች «ለካ እንዲህ ነው ነገሩ» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ወሎዬ እናት ያለችው ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል። ማታ ቡናም አልፈላም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ለእሷ ኢንሹራንስ ስል ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። አሁን በእናንተ አንድ ዓረፍተ ነገር እናቷን የረሳች ልጅ ሆንኩ። እግዜር ይስጥልኝ።

ደንቡን ላስረዳ። ሜዲኬር 65 ዓመት ለሞላቸው ነው፣ እውነት ነው። ግን ፓርት ኤን፣ ማለትም የሆስፒታሉን ክፍል፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚያገኘው እሱ ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል፣ አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ ታክስ የከፈለ ሰው ነው። ያልሠራ ሰው በክፍያ መግባት ይችላል። ዜጋ ካልሆነ ግን ግሪን ካርድ ሊኖረውና ከማመልከቱ በፊት 5 ዓመት ያለማቋረጥ እዚህ ኖሮ መሆን አለበት። አምስቱ ዓመት ካልሞላ በገንዘብም አይገኝም። ሲሞላም ዋጋው ቀላል አይደለም። በ2026 ምንም የሥራ ታሪክ የሌለው ሰው ለፓርት ኤ በወር 565 ዶላር፣ ለፓርት ቢ፣ ማለትም ለሐኪሙ ክፍል፣ ደግሞ 202.90 ዶላር ይከፍላል።

አዲስ ሕግ ስለሆነ አምልጧችሁ ነው እንዳልል፣ ይህ የአምስት ዓመት ነገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1976 ጸንቶ የወጣ ነው። ሃምሳ ዓመት ሆነው ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ለመድረስ መንገድ ጠፍቶት ይሆናል።

ሜዲኬይድስ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ? እሱም አምስት ዓመት ነው። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ አብዛኛው ባለ ግሪን ካርድ 5 ዓመት እንዲጠብቅ ያደርጋል። እኛ የምንኖርባት ቨርጂኒያ እንዲያውም እስከ 2021 ድረስ ከአምስቱ ዓመት በላይ የ10 ዓመት ሥራ ትጠይቅ ነበር። አሁን እሱ ቀርቷል። እማዬ የመጣችው በመጋቢት 2024፣ በ68 ዓመቷ ነው። ተራዋ የሚደርሰው በ2029፣ 73 ሲሞላት ነው። አገር ቤት፣ ወሎ ሐይቅ ከተማ፣ ለተዝካር ልሂድ ባለችኝ ቁጥር ቀን እቆጥራለሁ። ረዘም ያለ መቅረት ቆጠራውን ሊያበላሽብን ይችላል።

ከዘገባው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ባልና ሚስት ጎልፍ እየተጫወቱ ይስቃሉ። እነሱ ሜዲኬር አላቸው፣ ይታያል። ዘገባው ከእንግሊዝኛ እንደተተረጎመም ይታያል፣ እዚህ ለተወለደ ሰው ከተጻፈ ነገር። እዚያ «ሁሉ» ቢባል ብዙም አያስከፋም። እናንተ ግን የምትጽፉት በአማርኛ ነው። በአማርኛ ስለ ወላጆች የሚያነበው ማነው? እናቱን ከቦሌ በዊልቸር የተቀበለ ሰው አይደለም እንዴ?

ይህን ሁሉ ወረቀት የምሞላው ለንዴቴ ብቻ አይደለም። ይህቺ «ሁሉ» ከዚህ በፊትም ዋጋ አስከፍላኛለች።

እማዬ ስትመጣ የማውቀው ሰው በሙሉ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ። «65 ካለፈች ምን ትጨነቂያለሽ፣ ሜዲኬር አላት።» እኔም አመንኩ። አንድ የመንግሥት ቢሮ በስልክ ቀጠሮ ያዝኩ። ቀጠሮው ከወር በላይ ቆይቶ ነበር። ስሄድ ወረቀት ጎደለ። ተመለስኩ። ሌላ ወረቀት ጎደለ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። በሦስተኛው አንዲት ሠራተኛ ግሪን ካርዷ ላይ ያለውን ቀን አይታ «ገና አምስት ዓመት ይቀራታል» አለችኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ያኔ ነው ኦባማ ኬርን፣ ሰው በግሉ ገዝቶ መንግሥት እንደ ገቢው የሚደጉምለትን ኢንሹራንስ፣ የጠየቅኩት። እዚያ የሰማሁት ደግሞ የባሰ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው በማንኛውም ወር መመዝገብ ይችላል፣ ግን በ60 ቀን ውስጥ። የእኛ 60 ቀን ካለፈ 11 ቀን ሆኖት ነበር። ቀጣዩ ምዝገባ በኖቬምበር ይከፈታል፣ ኢንሹራንሱ የሚጀምረው ጃንዋሪ ላይ። በእናንተ ዘገባ ውስጥ ስለዚህ 60 ቀን አንድ ቃል የለም። ለጎልፍ ፎቶ ግን ቦታ ተገኝቷል።

በመሀል አንድ ደላላ የጎብኚ ኢንሹራንስ ሸጠልኝ። ስልኩ ላይ እንደ ማር ነበር። ወረቀቱን ሳነበው ከመምጣቷ በፊት የነበረ በሽታን አይሸፍንም ይላል። ደም ግፊትና ስኳር ያለባት የ68 ዓመት ሴት ከመምጣቷ በፊት ያልነበረ ምን በሽታ ሊኖራት ነው? ጉንፋን? መሥሪያ ቤቴንም ጠይቄያለሁ። በእኔ ኢንሹራንስ ልጆቼ ይገባሉ፣ እናቴ አትገባም። የብዙ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ እንዲሁ ነው።

እማዬ በበኩሏ መላ አገኘች። ከሐይቅ ይዛ የመጣችውን ክኒን ሳትነግረኝ ለሁለት መግመስ ጀመረች፣ እንዲያብቃቃላት። ሐምሌ ላይ ኩሽና ውስጥ አዙሯት ወደቀች። ኢመርጀንሲ ወሰድኳት። በ1986 በወጣው ሕግ ኢመርጀንሲ ኢንሹራንስ የለህም ብሎ አይመልስም፣ መርምሮ ማረጋጋት ግዴታው ነው። ቢል መላክ ግን አይከለከልም። 9,860 ዶላር መጣ። ማኅተም ያለው ፖስታ በፈራች ዓይን አይታ «ልመለስ እንዴ?» አለችኝ።

ሆስፒታሉ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ቢል የሚቀንስበት ፎርም እንዳለው የነገረችኝ እዚያ ጽዳት የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች እንዲህ ዓይነት የእርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት አልነገሩኝም፣ መጥረጊያ የያዘችው ነገረችኝ። ሞላሁ፣ አብዛኛው ተሰረዘ። የቀረውን እስከ ገና በየወሩ ከፈልኩ።

የሚያሳርረኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ሥራዬ ሆም ኬር ነው። ጠዋት የአንዲትን አሮጊት ስኳር እለካለሁ፣ ክኒኗን በሰዓቱ እሰጣለሁ። የእኔን ሰዓት ሜዲኬይድ ይከፍላል። ከማገኘው እያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ 1 ዶላር ከ45 ሳንቲም ለሜዲኬር ይቆረጣል። አሥራ ሦስት ዓመት ተቆርጧል። የባል ሥራ ለሚስት ይቆጠራል። እኔ የምከፍለው ግን ለእናቴ አይቆጠርም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ማታ ቤቴ ስገባ ክኒን ለሁለት የምትገምስ እናት ጠበቀችኝ። አሮጊቷን ግን እወዳታለሁ፣ እሷ ምን አደረገች።

እማዬ በበኩሏ ሐይቅ እያለች የጤና መድን ደብተር እንደነበራት ሳታነሳ አትውልም። በዓመት አንዴ መዋጮ ትከፍላለች፣ ደብተሯን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። መድኃኒቱ አንዳንዴ የለም ይላሉ፣ ያም ሆኖ ደብተሩ አለ። «አሜሪካ ደብተር የላትም?» ትለኛለች። ስፖንሰር ስሆናት ከድህነት ወለል 125 በመቶ በላይ ገቢ እንዳለኝ አሳይቼ፣ ላኖራት ፈርሜ ነው ያመጣኋት። ያ ፊርማ ዜጋ እስክትሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት እስኪቆጠርላት አይለቀኝም። መፈረሜ አይቆጨኝም። የቆጨኝ ሰውን ማመኔ ነው።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ፣ ዘገባችሁ ይህንንም ዘሎታልና። ጃንዋሪ 2025 ላይ እማዬ በማርኬትፕሌስ፣ ማለትም ኦባማ ኬር በሚሸጥበት ገበያ፣ ገባች። ታክስ ስሠራ ዲፔንደንት፣ ማለትም በእኔ የምትተዳደር፣ አድርጌያታለሁ፣ ስለዚህ ድጎማው የሚሰላው በቤቱ ሁሉ ገቢ ነው፣ በእኔ፣ በሁለቱ ልጆቼና በእሷ። በወር 52 ዶላር እከፍል ነበር። በ2021 የመጣው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ አበቃና ዘንድሮ 238 ገባ። ይሁን፣ ተጨማሪ ሺፍት እሠራለሁ።

የሥራ ባልደረባዬ አባት ግን ሌላ ነገር ገጠማቸው። እሳቸው ታክስ የሚሠሩት ለብቻቸው ነበር። ገቢያቸው ከምንም አይቆጠርም። ድሮ እንዲህ ያለ ሰው፣ በግሪን ካርዱ ምክንያት ሜዲኬይድ ስለተከለከለ፣ ገቢው ከድህነት ወለል በታች ቢሆንም ድጎማ ያገኝ ነበር። በሐምሌ 2025 የተፈረመው ሕግ ይህንን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አንስቶታል። ደብዳቤ መጣላቸው። ያለ ድጎማ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ። ሰውየው «ድሃ ስለሆንኩ ነው የተወደደብኝ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አባባ፣ በትክክል እንደዚያ ነው። አሁን ልጃቸው ዲፔንደንት ሊያደርጋቸው እየተሯሯጠ ነው፣ ከወጪያቸው ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው እሱ ስለሆነ ይችላል። የቤቱ ገቢ ከወለሉ በላይ ከሆነ በሩ ገና አልተዘጋም።

ይህንን ለማወቅ የታክስ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም ነበር። አንድ አንቀጽ በቂ ነበር። የእናንተ ዘገባ ግን ሰው 65 ሲሞላው ከልደቱ ሦስት ወር በፊትና በኋላ እንዴት እንደሚመዘገብ ሦስት አንቀጽ አለው። ትክክል ነው፣ እዚህ ለተወለደው። እናቴ ልደቷን በእርግጠኝነት አታውቀውም። ፓስፖርቷ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል።

በስህተታችሁ እኔ ብጎዳ ይለፍ፣ እኔ አሁን አውቄዋለሁ። ግን ዘገባው በወጣበት ሳምንትም ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የወረዱ እናትና አባት አሉ። ልጆቻቸው ያንን አንብበው «አለላቸው» ብለው ተኝተዋል። የእነሱ 60 ቀን እየቆጠረ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። «ሁሉ» የምትለዋን አውጡልኝ። በምትኩ ዜጋ ያልሆነና እሱም የትዳር ጓደኛውም እዚህ 10 ዓመት ያልሠሩ ሰው ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት መኖር አለበት በሉ። ከሥሯ ስለ 60 ቀኑ አንድ መስመር ጨምሩ። እርማቱን ደግሞ ማንም በማያየው ጥግ በደቃቅ ፊደል አታድርጉት፣ ስህተቱ የተጻፈበት ቦታ ላይ ይሁን። ፎቶውን ከፈለጋችሁ ተዉት።

እስከ ቅዳሜ ቢወጣ ደስ ይለኛል። እሁድ ቅዳሴ አለ፣ ያቺ እናትም ስልኳን ይዛ መምጣቷ አይቀርም።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ